በጉርሻና በ«ጎሽ» ውሻን ማሠልጠን፦ ለጅማ ግቢ የሚሆን መመሪያ

ጅማ ላይ ውሻ የሚያሳድገውን ሰው ምክንያቱን ብትጠይቁት ከሁለቱ አንዱን ይነግራችኋል፤ ሌባ ወይም ጅብ። ስለዚህ ቡችላው ገና የወተት ጥርሱን ሳይጥል ሰንሰለት ይገዛለታል። «እንዲከፋ» ተብሎ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። ጫማ ሲበላ በዱላ፣ ሲጮኽ በድንጋይ፣ ከግቢ ሲወጣ በቀበቶ ይቀጣል። እኔም ያደግሁት እንዲህ ባለ ግቢ ነው። የመጀመሪያ ውሻዬን መቻልንም ያሳደግሁት በዚሁ መንገድ ነበር።

መቻል በሩ ገርበብ ባለ ቁጥር ሾልኮ ይወጣል። «ና!» ብዬ እጠራዋለሁ፣ ጆሮውን ጥሎ ይመጣል፣ «ሁለተኛ ትወጣለህ?» እያልኩ እመታዋለሁ። አንድ የሐምሌ ሌሊት እንደ ልማዱ ወጣ። የጅቦቹ ድምፅ ከጂሬን ኮረብታ በኩል እየቀረበ ነበር። በባትሪ ስፈልገው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየሁት፤ እሱም አየኝ። ደጋግሜ «ና» አልኩት። አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ፣ ቆመ፣ ከዚያ ዞሮ ጨለማው ውስጥ ገባ። ጠዋት ፈልገን አጣነው። «ና» ማለት ዱላ ማለት እንደሆነ ያስተማርኩት እኔው ነበርኩ፤ እሱ ትምህርቱን በደንብ ይዞ ነበር።

ከመቻል በኋላ ሁለት ውሾች አሳድጌአለሁ። አሁን ግቢዬ ያለው ዳማ ይባላል፤ መልኩ እንደ ስሙ ነው። አንዳቸውንም መትቼ አላውቅም። ከዚህ በታች ያለው ከእነሱ ጋር በየቀኑ የሠራሁት ነው፤ ጎረቤቶቼም ሞክረውት ሆኖላቸዋል።

ውሻ የሚማረው እንዴት ነው?

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲባል የሚተረተው ለሰው ነው፤ ለውሻው ግን ቃል በቃል እውነት ነው። ውሻ አንድ ነገር አድርጎ ወዲያው ደስ የሚለው ነገር ካገኘ ያንኑ ይደግማል። ካደረገው ነገር ምንም ካላተረፈ ቀስ በቀስ ይተወዋል። ስታሠለጥኑትም ሳታሠለጥኑትም ይህ ነገር ቀኑን ሙሉ እየሠራ ነው። በር ላይ ሲጮኽ «ኧረ ዝም በል!» እያላችሁ ቁራሽ የምትወረውሩለት ከሆነ፣ መጮኽ ዳቦ እንደሚያመጣ እያስተማራችሁት ነው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ጉርሻው ሥራው በተሠራ በአንድ ወይም በሁለት ሰኮንድ ውስጥ መድረስ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ውሻው ለየትኛው ሥራ እንደተከፈለው አያውቅም። ቁጣም እንደዚሁ ነው። ማታ ከሥራ ስትመለሱ የተበጣጠሰ ጫማ አግኝታችሁ ብትመቱት ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ጫማውን የበላው ከሰዓታት በፊት ነው፤ ዱላው የመጣው እናንተ በበሩ ስትገቡ ነው። ስለዚህ የሚማረው የእናንተን መግባት መፍራት ነው። «ጥፋቱንማ ያውቃል፣ አንገቱን ሲደፋ እዩት» የሚል ሰው ብዙ ነው። አንገቱን የሚደፋው ፊታችሁንና ድምፃችሁን አይቶ ነው። ምንም ያላጠፋውንም ውሻ ተቆጡት፤ እሱም አንገቱን ይደፋል።

«በደግነት ያደገ ውሻ ግቢ አይጠብቅም» የሚለውን ደግሞ ከልቤ እቃወማለሁ። ቀኑን ሙሉ የታሰረ፣ ሲመታ የኖረ ውሻ ለቅጠሉም ለነፋሱም ለውኃ ቀጂዋም እኩል ይጮኻል፤ ባለቤቱም ስለሚሰለቸው ሌሊት ሲጮኽ ተነሥቶ አያይም። ሰው የለመደ ውሻ ግን እንግዳን ከሌባ ይለያል፤ ሲጮኽም የምትነሡበት ምክንያት አላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቡችላውን 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። ንክሻን መቆጣጠር መጀመሪያ የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው። ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት አካባቢ ያለው ጊዜ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም፤ በዚያን ጊዜ በደህና ያየውንና የሰማውን ነገር ሲያድግ አይፈራውም። ባጃጅ፣ አህያ፣ ጃንጥላ፣ ጀለቢያ የለበሰ ሰው፣ ሕፃን ልጅ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የክረምት ዝናብ፣ ሁሉንም ከሩቅ አሳዩት፣ አሰሙት፣ እያጎረሳችሁ። ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ ታቅፋችሁት ውጡ እንጂ የባዘኑ ውሾች በሚውሉበት መሬት ላይ አትልቀቁት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙውን ጊዜ 3 ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይታደሳል። ይህን አታዘግዩ፤ እጃችሁ በየቀኑ አፉ አጠገብ ነውና። የአንጀት ትል መድኃኒቱንም የእንስሳት ሐኪም ጠይቃችሁ ስጡት።

ለጉርሻ የሚሆነው ነገር ርካሽ ነው። ከሥጋ ቤት የሚገኝ ሳንባ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ የደረቀ ዳቦ። ሳንባና ጉበት ግን በደንብ ሳይበስል አትስጡ። የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ እባጭ የትል እጭ ነው፤ ውሻው ጥሬውን ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆቻችሁ እጅና አፍ ይተላለፋል። ሽንኩርት ያለበት ወጥ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት፣ ዘቢብ ለውሻ መርዝ ናቸው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። አቮካዶ ውስጥ ያለው ትልቅ ዘር አንጀት ይዘጋል፤ እኛ ጓሮ ደግሞ በየዛፉ ሥር አይጠፋም።

ጉርሻው የሽምብራ ፍሬ ያህል ይበቃዋል። ውሻ የሚቆጥረው ስንት ጊዜ እንደጎረሰ ነው፤ ትልቅ ቁራሽ ሰጥታችሁት አኝኮ እስኪጨርስ ሐሳቡ ይበተናል። በቀን የሚሰጠው ጉርሻ ሁሉ ተደምሮ ከቀለቡ አንድ አሥረኛውን እንዳያልፍ፤ ያን ያህል ከበላ ከእራቱ ቀንሱለት።

ቤተሰቡ በቃላቱ ይስማማ። ይህ በእኛ ከተማ ትልቅ ነገር ነው። አያት «ኮቱ» ይላሉ፣ እናት «ና» ትላለች፣ ልጆች በፉጨት ይጠራሉ። ውሻው በኦሮምኛም በአማርኛም መማር ይችላል፤ ሲጀመር ግን ለአንድ ሥራ አንድ ቃል ይሁን። ሴት ውሻ ካላችሁ ደግሞ «ነይ» ወይስ «ና» የሚለውን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ግማሹ ቤተሰብ እንዲህ፣ ግማሹ እንዲያ ካለ ለእሷ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ቃላቱን ጽፋችሁ ማድ ቤት በር ላይ ለጥፉ።

መጀመሪያ፦ «ጎሽ»

ጉርሻ ሁልጊዜ በሁለት ሰኮንድ ውስጥ አይደርስም። ውሻው አሥር ሜትር ርቆ ጥሩ ነገር ቢሠራ እስክትደርሱ ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ «አሁን የሠራኸው ትክክል ነው፣ ጉርሻህ እየመጣ ነው» የሚል አጭር ድምፅ ያስፈልጋል። አማርኛ ይህን ቃል ከጥንት ጀምሮ አዘጋጅቶልናል፤ ጎሽ።

ሥራው ቀላል ነው። አሥር አሥራ አምስት ጉርሻ በእጃችሁ ይዛችሁ ፀጥ ባለ ቦታ ተቀመጡ። «ጎሽ» በሉ፣ ወዲያው አጉርሱት። ትንሽ ቆዩ፣ «ጎሽ» በሉ፣ አጉርሱት። ውሻው ምንም እንዲሠራ አትጠብቁ። ቃሉ ይቅደም፣ እጅ ይከተል፤ ሁለቱ አብረው ከሄዱ ውሻው እጃችሁን ብቻ ያያል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሌላ ነገር ሲያይ «ጎሽ» በሉት፤ አንገቱን ቀልበስ አድርጎ «የታለ?» ብሎ ካያችሁ ገብቶታል። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ በምግብ መፈጨት ሥራው በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሊቅ ነው፤ ምግብ መምጣቱን የሚያበስር ድምፅ ብቻውን የውሾቹን ምራቅ እንደሚያፈስ ያሳየውም እሱ ነው። እናንተም ይህን በፌስታል አይታችሁታል፤ ከሥጋ ቤት የመጣ ፌስታል ኮሽ ሲል ውሻው ከየት እንደመጣ ሳታውቁ እግራችሁ ሥር ይገኛል።

አንዴ «ጎሽ» ካላችሁ በስሕተት ቢሆንም አጉርሱ። ቃላችሁ የሚታመነው ከተከፈለበት ብቻ ነው።

የትምህርቱ ርዝመት ጀበናው ተጥዶ እስኪገነፍል ያህል ይሁን፤ ለቡችላ ሦስት አራት ደቂቃም ይበቃል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አድርጉት። ውሻው ገና እየፈለገ ሳለ አቁሙ።

ሁለተኛ፦ «ና»

ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይህን አትተዉ።

ቤት ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ከውሻው ሁለት እርምጃ ራቁ። ጎንበስ በሉ፣ ጎናችሁን ስጡት። ፊት ለፊት ተገትሮ የሚያፈጥ ሰው ለውሻ ያስፈራል። ስሙን ጥሩ፣ አንድ ጊዜ «ና» በሉ። ወደ እናንተ ፊቱን ባዞረባት ቅጽበት «ጎሽ»፤ ሲደርስ ሦስት አራት ጉርሻ አንድ በአንድ፣ እየዳሰሳችሁ። አንገት ማሰሪያውን ያዝ አድርጉና አጉርሱት፣ ልቀቁት። ማሰሪያውን መያዝ መጥፎ ነገር እንዳልሆነ ካላወቀ አጠገባችሁ መጥቶ እጃችሁ ሲዘረጋ ይሸሻል።

በሳምንቱ ወደ ግቢ ውጡ። አሥር ሜትር ያህል የሚሆን ቀላል ገመድ እሰሩለትና ይጎትተው። ሲርቅ ጥሩት። ካልመጣ ገመዱን አትጎትቱት፣ «ና ና ና» እያላችሁም አትጩኹ፤ የተደጋገመ ቃል እንደ ዝናብ ድምፅ ይሆናል። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ጥቂት እርምጃ ሩጡ፤ ውሻ የሚሮጥን ይከተላል። ሲመጣ አጉርሱት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከቀረበ ቦታ ጥሩት። ከባድ አድርጋችሁበት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ፈተናውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። መጀመሪያ ዶሮ በሌለበት፣ ቀጥሎ ዶሮ ከሩቅ ባለበት፣ ቀጥሎ የጎረቤት ውሻ ከአጥር ውጭ ሲያልፍ። አንዱ ሳይጸና ወደ ሌላው አትዝለሉ።

«ና» የሚለውን ቃል ለመጥፎ ነገር አትጠቀሙበት። ልታጥቡት ከሆነ፣ መድኃኒት ልታውጡት ከሆነ፣ ልታስሩት ከሆነ ሄዳችሁ አምጡት። ከጨዋታ ጠርታችሁት ሲመጣ ደግሞ አጉርሳችሁ መልሳችሁ ስደዱት፤ አሥር ጊዜ ከጠራችሁት ዘጠኙን እንዲህ አድርጉ። ያን ጊዜ መምጣት የደስታው ማብቂያ አይመስለውም።

ከግቢ ወጥቶ አንድ ሰዓት አንጀታችሁን ካሳረረ በኋላ ቢመጣም አጉርሱት። ይህ ለብዙ ሰው ከባድ ነው፤ እጅ ለዱላ ይነሣል። በዚያች ቅጽበት ውሻው እየሠራ ያለው ሥራ መመለስ ነው፤ ብትመቱት የምትመቱት መመለሱን ነው።

«ቁጭ» እና «ተወው»

«ቁጭ» ቀላል ነው። ጉርሻውን አፍንጫው አጠገብ ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይና ወደ ኋላው ውሰዱት። አፍንጫው ሲከተል ቂጡ ይወርዳል፤ መሬት ሲነካ «ጎሽ»። ወገቡን በእጅ አትጫኑ። አምስት ስድስት ጊዜ ከተሳካ በባዶ እጅ ያንኑ ምልክት ስጡና ጉርሻውን ከሌላው እጅ አውጡ። ቃሉን መጨመር የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ «ቁጭ»፣ ከዚያ የእጅ ምልክቱ። ውሻው የማያውቀውን ሥራ በማያውቀው ቃል ማዘዝ ሁለታችሁንም ያናድዳል። «ቁጭ» ለወንድም ለሴትም አንድ መሆኑ ደግሞ ደግ ነገር ነው።

«ተወው» ሕይወት ያድናል። መንገድ ላይ የወደቀ የዶሮ አጥንት አለ፣ ለአይጥ የተቀመጠ መርዝ አለ። ጉርሻ በጭብጣችሁ ያዙና እጃችሁን አቅርቡለት። ይልሳል፣ ይቧጥጣል፣ ያላዝናል። ዝም በሉ። አፍንጫውን ፈቀቅ ባደረገባት ቅጽበት «ጎሽ» ብላችሁ ከሌላኛው እጅ አጉርሱት። ቀጥሎ እጃችሁን ገልጣችሁ፣ ቀጥሎ መሬት ላይ አስቀምጣችሁ በእግር ለመሸፈን ዝግጁ ሆናችሁ ሞክሩ። «ተወው» ያላችሁትን ነገር መልሳችሁ አትስጡት፤ የሚከፈለው ሁልጊዜ ሌላ፣ የተሻለ ነገር ይሁን።

«ቦታህ»፦ ቡና በተሰጣበት ግቢ

ይህን ከሌላው በላይ በዝርዝር የምጽፈው ጅማ ስለሆንን ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ግቢው ሁሉ ቡና ይሰጣበታል። ፀሐይ ያሞቀው ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና፣ ደግሞ ለውሻ ከአልጋ የሚመች ነው፤ ሄዶ መሐሉ ላይ ይተኛል፣ ይበትነዋል፣ አንዳንዴም ይሸናበታል። ከዚያ ድንጋይ ይወረወራል። በዚህች ከተማ በቡና ምክንያት የተመታው ውሻ በሌባ ምክንያት ከተመታው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ቡናው ደግሞ በራሱ ያሰጋል፤ በውስጡ ያለው ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው። ቆላችሁ ያስቀመጣችሁትንም፣ ከጀበናው ሥር የምትደፉትን አተላም እንዳይደርስበት አድርጉ። በልቶ ልቡ ቢመታ፣ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያስመልሰው ሐኪም ጋ ውሰዱት።

«አትተኛበት» የሚል ትምህርት ለውሻ አይገባም። የት መተኛት እንዳለበት አስተምሩት።

አንድ ኬሻ ወይም አሮጌ ጆንያ አጥፋችሁ መሬት ላይ አንጥፉ። የኬሻው መነጠፍ ራሱ ምልክት እንዲሆን ትምህርቱ ሲያልቅ አንሡት። ውሻው አንድ እግሩን ሲያሳርፍበት «ጎሽ»፣ ጉርሻውን ኬሻው ላይ ጣሉለት። ጉርሻው ከእጃችሁ ሳይሆን ከኬሻው መምጣቱ ትልቅ ልዩነት አለው፤ ውሻው ቦታውን መውደድ ይጀምራል። ቀጥሎ አራት እግሩም እስኪገባ ጠብቁ፣ ቀጥሎ እስኪተኛ። ሳይጠየቅ ሮጦ መተኛት ሲጀምር «ቦታህ» የሚለውን ቃል ጨምሩ።

አሁን ጊዜውን አርዝሙ። ሦስት ሰኮንድ ተኝቶ ቆየ፣ ጎሽ። አምስት። እንደገና ሁለት። ከዚያ አሥር። ሁልጊዜ እየጨመረ ከሄደ ውሻው ሥራው እየከበደ መሄዱን አውቆ ይሰለቻል፤ አንዳንዴ ቀለል አድርጉለት። ቀጥሎ ርቀት፦ አንድ እርምጃ ርቃችሁ ተመለሱ፣ ኬሻው ላይ እንዳለ አጉርሱት። ከተነሣ ምንም አትናገሩ፣ መልሳችሁ አስጀምሩት፣ ርቀቱን ቀንሱ። ሥራው ማለቁን የሚነግረው ቃልም ይኑር፤ እኛ ቤት «ሂድ ተጫወት» እንላለን።

መጨረሻ ላይ ቡናውን አምጡ። አንድ እፍኝ ጀንፈል ከኬሻው ሦስት ሜትር ርቆ ይበተን፣ በሚቀጥለው ቀን አንድ ቁና፣ ቀጥሎ ሙሉው። ኬሻው ከፊሉ ፀሐይ፣ ከፊሉ ጥላ ላይ ይሁን፤ ውኃም አጠገቡ ይቀመጥ። ዳማ ይህን ለመልመድ ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። አሁን ቡና ሲሰጣ ኬሻውን በአፉ ጎትቶ ያመጣል፤ ይህን ማንም አላስተማረውም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ አጃቢ በሌለበት ቀኑን ሙሉ እንዲተኛላችሁ አትጠብቁ። ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ ቡናውን ከመሬት ከፍ ወዳለ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ አውጡት ወይም አጥሩለት።

እንግዳና ጎረቤት

ውሻ የሚዘልባችሁ ፊታችሁን ፈልጎ ነው። በጉልበት ስትገፉት ጨዋታ ይመስለዋል። ሲዘል ጀርባችሁን ስጡት፣ እጃችሁን ሰብስቡ፤ አራት እግሩ መሬት ሲነካ «ጎሽ» ብላችሁ ዝቅ ብላችሁ አጉርሱት። መጀመሪያ ላይ ይብሳል፤ የለመደው ነገር አልሠራ ሲለው አብዝቶ ይሞክራል። በዚያ ሰዓት ከተሸነፋችሁ አብዝቶ መዝለል እንደሚያዋጣ አስተማራችሁት።

ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ለሶላት የለበሱትን ልብስ የውሻ ምራቅ ከነካው ማጠብ ግድ ይላቸዋል። አጠገባችን ያሉት ሐጂ አንድ አርብ በበራችን ሲያልፉ ዳማ ገና ቡችላ እያለ ዘሎ እጀ ጠባባቸውን ላሰው። ተመልሰው ልብስ ለወጡ። ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ «ልጄ፣ እንስሳው ምን ያውቃል፤ አንተ አስተምረው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ሲንኳኳ ዳማ ወደ ቦታው ሄዶ እንዲተኛ አለማመድኩት፤ መንኳኳቱ ራሱ «ቦታህ» እንዲሆንለት። መጀመሪያ ልጄ ከውጭ እያንኳኳ፣ እኔ ከውስጥ እያጎረስኩ። ሐጂ አሁን በጓሮ በኩል ሲያልፉ «ዳማ፣ ደህና ነህ?» ይሉታል።

ገመድ፣ ባጃጅ፣ ነጎድጓድ

በቀጭን ገመድ ይሂድ፤ ሰንሰለት አንገት ያቆስላል። ሲጎትት ቁሙ፤ ገመዱ ሲላላ «ጎሽ» ብላችሁ ጉዞውን ቀጥሉ። መጀመሪያ ቀን ከበር እስከ መንገዱ ማዕዘን ለመድረስ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ፈቅዳችሁ ግቡበት።

ባጃጅ የሚያሳድድ ወይም የሚፈራ ውሻ ካላችሁ ባጃጁ ትንሽ ሆኖ ከሚታይበት ርቀት ጀምሩ። ባጃጅ በታየ ቁጥር አጉርሱት፤ ባለፈ ቁጥር አቁሙ። ጉርሻ አልቀበል ካለ በጣም ቀርባችኋል፤ ራቁ። ባጃጅ ሲመጣ ወደ እናንተ ዞሮ «ጉርሻዬስ?» ማለት እስኪጀምር ድረስ በሳምንት ጥቂት ሜትር ብቻ ቅረቡ። በክረምት ነጎድጓድም ይኸው ነው። ፈርቶ እግራችሁ ሥር ሲገባ አታባርሩት፤ ማጽናናት ፍርሃትን አያስተምርም። ወደ ቦዬ ረግረግ የምትወስዱት ከሆነ ከገመድ አትፍቱት፤ እዚያ ጉማሬ አለ።

የሌሊት ጩኸት

ጩኸት ሥራው ነው፤ የምታስተምሩት ማብቂያውን ነው። ሲጮኽ ውጡ፣ እሱ የሚያየውን አብራችሁት እዩ። «በቃ» በሉ አንድ ጊዜ፣ በረጋ ድምፅ፤ ጉርሻ አፍንጫው አጠገብ አድርጉ። ሊያሸት ዝም ሲል «ጎሽ»፣ አጉርሱት፣ ጥቂት ሰኮንድ ዝም ካለ እንደገና። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጮኾ፣ እናንተን ጠብቆ፣ ዝም ይላል። ቀን ታስሮ የሚውል ከሆነ ግን ይህ አይሠራም። በመጀመሪያ ሰንሰለቱን በረጅም ገመድ፣ ገመዱን በታጠረ ጓሮ ተኩለት፤ በቀን አንድ ጊዜ ውሰዱትና ያሽትት። ለውሻ ማሽተት ለእኛ ጋዜጣ እንደማንበብ ነው፤ ያደክመዋል፣ ያረጋጋዋል።

ሲመታ የኖረ ውሻ

ትልቅ ውሻ፣ ዱላ ያየ ውሻ ከወሰዳችሁ ከላይ ያለውን ሁሉ ለጊዜው ተዉት። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራችሁ አንድ ነው፤ አጠገቡ ሳትሄዱ ተቀምጣችሁ፣ ሳታዩት፣ ጉርሻ ወርወር ማድረግ። እጃችሁን ከፍ አታድርጉ፤ መጥረጊያ ስታነሡም ከእሱ ራቁ። ምላሱን ቶሎ ቶሎ አፍንጫው ላይ ማውጣቱ፣ ሳይደክመው ማዛጋቱ፣ ፊቱን ማዞሩ፣ ጭራውን እግሩ መሐል መክተቱ «በቃኝ» ማለቱ ነው። ጭራ መወዝወዝም ሁልጊዜ ደስታ አይደለም፤ ገትሮ የሚወዘውዝ ውሻ ሊናከስ ይችላል።

ሲያጉረመርም አትቆጡት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። የሚያስጠነቅቅበት አፍ በዱላ ከተዘጋበት ቀጥሎ ያለማስጠንቀቂያ ይነክሳል። ራቁ፣ ምን እንዳስፈራው አስቡ፣ ሕፃናትን ከምግቡና ከመኝታው አርቁ።

ከነከሰ፣ የማንም ውሻ ቢሆን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ግን ይከላከለዋል።

ጉርሻውን መቀነስ

ውሻው ሥራውን አሥር ጊዜ ታዞ ዘጠኙን ሲሠራ በየጊዜው ማጉረስ ይቅር። አንዴ ስጡ፣ አንዴ በቃል ብቻ አመስግኑ፣ አንዴ ኳስ ወርውሩለት፣ አንዴ ደግሞ ሳይጠብቅ አምስት ጉርሻ በተከታታይ። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ጉርሻ ውሻን አብዝቶ ያተጋል። በድንገት ሙሉ በሙሉ ካቋረጣችሁ ግን ሥራውም ይቋረጣል።

ከዚህ «ና» ይለያል፤ እሱ ሁልጊዜ ይከፈልበታል። ዳማ ስድስት ዓመቱ ነው፣ በየቀኑ ስጠራው ይመጣል፤ እኔም ዛሬ ድረስ ከሰዓት በኋላ በሩን ስከፍት ኪሴ ውስጥ በስሎ የደረቀ ሳንባ አለ።